ሸክላ ሠሪዋ እናቴና የባለቤቴ ደብተር

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች። ወረቀቱ ስለ ኢትዮጵያ ቤተሰብ የሚጠይቅ ነው። «አባባ፣ በኢትዮጵያ ሴቶች ቤት ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ገንዘብ ማግኘት የጀመሩት እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ነው፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔም «ማን ነው ይህን ያለሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። ልጅቱ ደነገጠች። በእሷ ምን ጥፋት አለ? ያልነገርናት እኛ ነን። ስለዚህ ይህን ለእሷና እንደ እሷ እዚህ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ ልጆች ጻፍኩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያለሁ፤ እናንተ የምታውቁት እሱን ነውና።

እኔ የተወለድኩት ወለቃ ነው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የሰው መሬት ያርሳል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የእሷም እናት፣ የእናቷም እናት ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ።

ለምን ሸክላ ሆነ ብትሉ፣ ነገሩ ከመሬት ይነሣል። አባቶቻችን ሲነግሩን በአጼ ይስሐቅ ዘመን፣ ይህም በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፣ ያልተጠመቀ ሰው ርስት አይውረስ ተብሎ ታወጀብን። ርስት የሌለው ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። ከዚያ በ1632 የነገሠው አጼ ፋሲል ጎንደርን ከተማ ሲያደርግ፣ የእኛ ወንዶች ግንበኛና አናጢ ሆነው ለነገሥታቱ ሠሩ፤ ያን ጊዜ ደህና ቀን ነበረ ይባላል። ነገሥታቱ ሲደክሙ፣ ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ፣ ግንብ የሚያስገነባ ጠፋ። ወንዶቹ ወደ ወናፉና ወደ ጭሰኝነቱ ተመለሱ፤ ሴቶቹም አፈሩን ይዘው ቤቱን ቀጥ አደረጉት። ስለ ግንቦቹ ብዙ ሰው ጽፏል፤ ስለ ሸክላው ግን የጻፈ ጥቂት ነው።

እናቴ እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ ይህን አሁን የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። አፈሩን የምታወጣው ከወንዙ በላይ ካለ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ አንዳንዴ ይደረመሳል፤ አንዲት የአክስቴ ልጅ እግሯ ተይዞ ለጥቂት ተርፋለች። አፈሩን ተሸክማ ታመጣና ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። ከዚያ የተሰበረ ሸክላ፣ ገል የምንለውን፣ ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ ገል ካልገባበት እሳት ላይ ይሰነጠቃል። በውኃ ለውሳ ታሳድረዋለች። በነጋታው መሬት ቁጭ ብላ፣ ያለ ምንም መኪና፣ በሁለት እጇ ታነሣዋለች። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ታስተካክለዋለች። ጥላ ውስጥ ደርቆ ሲጠነክር በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች። ያ ጠጠር ከእናቷ የተሰጣት ነው፤ እንደ ወርቅ ነበር የምታስቀምጠው። በመጨረሻ ደጅ ላይ ኩበትና ጭድ ከምራ ትተኩሳለች። በዚያን ጊዜ ማንም እንዲያናግራት አትፈልግም። ነፋስ ከመጣ የአሥር ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት ገል ይሆናል። እንስራ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ምጣድ፣ የጠላ ጋን፣ ሁሉንም ትሠራለች። በምጣድ ግን የሚወዳደራት አልነበረም።

ትልቁ ገበያ የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰንበታችን ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው ጥሩ ዋጋ በሚያገኝበት ቀን እኛ ጸሎት ላይ ነን። እናቴ የምትወጣው በሌላው ቀን ነው፤ ገዢው ያነሰ፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ አብሬያት እሄድ ነበር። እንስራ በእህል ስትሸጥ ዋጋው የእንስራው ሙሉ ነው። ገብስ ከሆነ ሞልተው ይገለብጡላታል። ሳንቲም የሚከፍል ሰው ከመጣ ውኃ ያለበትን ገል ታቀርብለታለች፤ ሳንቲሙን እዚያ ውስጥ ይጥለዋል። በመንጻት ሕጋችን ከሌላው ሰው እጅ ለእጅ አንነካካም ነበርና። «አትንኩኝ» እያሉ የሚጠሩን በዚህ ነው። እነሱም በበኩላቸው ቡዳ ይሉናል፤ ቀን ሸክላ ትሠራለች፣ ማታ ጅብ ትሆናለች ይሉ ነበር። እንጀራቸውን የሚጋግሩት ግን በእኛ ምጣድ ነው፤ ምጣዱን የተጸየፈ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ገንዘቡ የማን ነበር? የእናቴ። ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች። አባቴ ለግብር ሲጎድለው እሷን ነው የሚለምነው። ባለ መሬቱ ድርሻውን ወስዶ፣ የቀረውን አንበጣ ወይ በረዶ ሲበላው፣ እኛን ያበላን ያ ቋጠሮ ነው። ነገር ግን እውነቱን ሙሉ ልናገር። በሬ ይሸጥ አይሸጥ ሲባል እናቴን የጠየቀ የለም። ሽማግሎች ሲቀመጡ እሷ ቡና አቅራቢ ናት። በ1975 ደርግ መሬት ላራሹ ብሎ ባወጀ ጊዜ ለእኛም መሬት ደረሰን፤ ደስታችን ይህ ነው አይባልም። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የተጻፈው ግን የአባቴ ስም ነው። የእናቴን ስም ወረቀት ላይ ያየሁት እስራኤል ከገባን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። እኔ ለቄስ ትምህርት የተሰጠሁ ልጅ ነኝ። ከጸሎት ቤቱ አጠገብ፣ በአባ ቤት ደጅ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት በግዕዝ ደግሜ፣ ኦሪት እስከ ማንበብ ደርሻለሁ። እህቴ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነበረች፤ ውኃ ስትቀዳ ቆም ብላ የሰማችውን በቃሏ ትይዘው ነበር። ሴት ልጅን የሚያስተምር ግን አልነበረም። እኔ የተማርኩ ተብዬ በቤት ውስጥ ጌታ ሆንኩ።

በ1960ዎቹ ፈረንጆች ወደ ወለቃ መምጣት ጀመሩ። የጎንደርን ግንብ አይተው ሲጨርሱ በላንድ ሮቨር ወደ እኛ ይመጣሉ። እንስራ ለእነሱ ምን ያደርጋል? አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ስለዚህ ሴቶቻችን ትንንሽ ነገር መሥራት ጀመሩ፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አልጋ ላይ ተኝተው። አባ በጣም ተቆጡ፤ ምስል መቅረጽ በአሥርቱ ቃላት የተከለከለ ነው ብለው ገሠጹ። ሴቶቹም «አባ፣ አንሰግድላቸው፤ እንሸጣቸዋለን እንጂ» ብለው መለሱላቸው። ከጊዜ በኋላ የአባ ባለቤትም አንበሳ መሥራት ጀመረች፤ ተግሣጹም በዚያው ቀረ።

እናቴ ፈረንጅ ማናገር አትችልም። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ከጎንደር ለቃቅሜያለሁ። ደላላዋ ሆንኩ። አንድ ቀን አንዱን ፈረንጅ ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ንግሥተ ሳባን በሦስት ብር ሸጥኩለት። ለእናቴ አንድ ብር ሰጠኋት። ሁለቱን ብር ጎንደር ወርጄ ጫማ ገዛሁበት። ፈረንጁ መኪናው ውስጥ ሲገባ ወደ እናቴ ዞሮ ዕቃውን እያሳየ፣ እየሳቀ፣ ሦስት ጣቱን አወጣ። እኔ ሌላ ምልክት መሰለኝ። እናቴ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ግን ፈረንጅ ሲመጣ ራሷ ጣቷን እያነሣች መሸጥ ጀመረች። እኔን አልጠራችኝም። ለምን እንደ ሆነ ሳይገባኝ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ኦርት የሚባለው የአይሁድ ድርጅት በእኛ አገር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፍቶ የሠራበት ጊዜ ነበር፤ መንግሥት በ1981 አስወጣው። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን፣ የሱዳኑን መንገድና እዚያ የቀሩትን ሰዎቻችንን ሌሎች በዚህ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ እኔ አልደግመውም። እኛ በ1990 ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወረድን፤ አንድ ዓመት ያህል በኪራይ ጭቃ ቤት ጠበቅን። በግንቦት 1991፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲመጣ፣ እኛም ቁጥር ግንባራችን ላይ ተለጥፎ መጣን። ዕቃ አትያዙ ስለተባለ እናቴ የያዘችው ያንን ማሸሻ ጠጠር ብቻ ነው፤ ከመቀነቷ ቋጥራው ነበር። እዚያ የቀሩት ሴቶችም ለብዙ ዓመት፣ በአዲስ አበባም በጎንደርም፣ ጥልፍ እየጠለፉ ልጆቻቸውን ሲያበሉ ኖረዋል፤ ከዘመዶቻችን መካከል በመርፌ ያደጉ ብዙ ልጆች አሉ።

መጀመሪያ ኦቴል፣ ከዚያ ካራቫን ገባን። ካራቫኑ አጠገብ እናቴ አፈር እያነሣች በጣቷ ትፈትሽ ነበር። «ይሄ አፈር አይያያዝም» አለች። በኋላ ለአሮጊቶች የሸክላ ክፍል ተከፈተ ተብሎ ወሰዱአት። አፈሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱቅ ይመጣል፤ ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው። እሷም እየሳቀች አንበሳና ቄስ ሠራች። መምህርቷ በጣም አመሰገነቻት፤ በመስኮት ላይ ደረደሩላት። እናቴ ግን በሦስተኛው ሳምንት «ልጄ፣ ይህን የሚገዛው ማን ነው?» ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀች። መምህርቷ «ይህ ለመሸጥ ሳይሆን እንዳይከፋሽ፣ እጅሽ እንዲፍታታ ነው» አለቻት። በነጋታው አልሄድም አለች። እኔ ያን ጊዜ «የተሰጠሽን አትናቂ» ብዬ ተናገርኳት። አሁን ሳስበው ግን እሷ ልክ ነበረች። ስድሳ ዓመት ሰው የሚበላበትን ዕቃ የሠራችን ሴት እንደ ሕፃን ጭቃ አጫወቷት። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ከፊታቸው ነጋዴ መቀመጧን አላወቁም እንጂ። እናቴ በ1998 አረፈች።

ባለቤቴ በዚህ መካከል ኒካዮን ትሠራ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ በቀብላኑ መኪና ትሄዳለች። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ቤት ተቀመጥኩ። በአርባ ስምንት ዓመቴ ቋንቋ የማይችል ሰው ማን ይቀጥራል? እናንተ ልጆች ይህን ልብ በሉ፤ በዚህ አገር የልጆች ቂትስባ የሚገባው በእናት ስም ነው። በእኛ አገር ቤተሰቡ በአባት ስም ይጠራል፤ እዚህ ገንዘቡ በእናት ስም መጣ። ለሴቶቹ ትልቅ ነገር ነው። ወንዶቹ ግን ማንም ሳያስረዳን፣ ወንበራችን ከሥራችን የተወሰደ መሰለን። ከዚህ የተነሣ የፈረሰው ትዳር ብዙ ነው። በባሎቻቸው እጅ የሞቱ ሴቶችንም ቀብረናል። እኔ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ፣ ደመወዟን በራሷ ባንክ ማስገባት የፈለገችን አንዲት ሴት «ወደ ባልሽ ሂሳብ መልሺ» ብለን ፈርደንባታል። ሴትየዋ ፍርዳችንን ሰምታ ተነሥታ ሄደች፤ ሁለተኛ ወደ እኛ አልመጣችም። ያ ፍርድ ትክክል አልነበረም።

በ2000 ዓመት በሰፈራችን ማትናስ ለኢትዮጵያ ሴቶች የትንሽ ንግድ ኩርስ ተከፈተ። ባለቤቴ ልማር አለች። እኔ «ማንበብ የማትችይ ሴት ምን ልትማሪ ነው? ሰው ይስቅብናል» አልኳት። እሷም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ማታ ኡልፓን እሄዳለሁ ትለኝ ጀመር። ዕብራይስጧ ሳይሻሻል ሁለት ወር ሲሆን ጠረጠርኩ። ጥያቄዬን ፊት ለፊት ስጠይቃት «ኩርሱ ነው» አለችኝ፤ አልደበቀችም።

አሥራ አራት ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ ፊደል አይለዩም። አሰልጣኟ እስራኤላዊት ናት፤ ከጎኗ አማርኛ የምትችል የእኛ ልጅ ነበረች። ያቺ ልጅ ባትኖር ኩርሱ ከንቱ ነበር፤ ቃል ብቻ አይደለም የምታስተረጉመው፣ ነገሩን በእኛ አገር ልማድ እያመሳሰለች ነበር። ወጪን በባቄላ፣ ገቢን በሽምብራ ያስቆጥሯቸዋል። ባለቤቴ እንጀራ ለጎረቤት ትሸጥ ስለነበር፣ አስሩን እንጀራ በ20 ሼቄል፣ በእሷ ሥራ ነው ያሰሉት። በአንድ ማታ አርባ እንጀራ ትጋግራለች፤ ይህ 80 ሼቄል ነው። ዱቄቱ፣ መብራቱ፣ ውኃው፣ ላስቲኩ ሲደመር 52 ሼቄል ሆነ። ቀሪው 28 ነው። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስትባል ከማቡካቱ እስከ ማድረሱ አራት ሰዓት። እንግዲህ በሰዓት 7 ሼቄል ማለት ነው፤ ወለል በምትወለውልበት ከሚከፍሏት ያንሳል። ባለቤቴ ያን ማታ ቤት መጥታ እራት አልበላችም። «የራሴን ጉልበት ዜሮ ብዬ ስሸጥ ኖርኩ» አለችኝ። እኔ የእናቴ እንስራ ትዝ አለኝ። ገብስ ሞልተው ሲሰጧት የአሥር ቀኑን ሥራና የነፋሱን ሌሊት ማን ቆጠረላት?

ያስተማሯቸው ሌላው ነገር የቤቱን ገንዘብና የንግዱን ገንዘብ መለየት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉ የከበደው ግን እሱ ነው። በእኛ ባህል ዘመድ ሲቸገር፣ ተዝካር ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን፣ በቤት ያለ ገንዘብ ሁሉ የዘመድ ነው። አልሰጥም ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል። ባለቤቴ ሁለት የቡና ቆርቆሮ አደረገች፤ ቀዩ የቤት፣ ሰማያዊው የንግድ። ዋጋውን ወደ 25 ሼቄል ከፍ አደረገች፤ ጎረቤቱ ለሁለት ሳምንት አጉረመረመ፣ ከዚያ ተመልሶ ገዛ። ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችው ከእቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች በወር ሁለት መቶ ሼቄል የሚጥሉበት እቁብ ነበራቸው፤ 2,400 ሼቄል ሲደርሳት ምጣዱንና ትልቅ የቡኮ ዕቃ ገዛች። ባንክ ብድር ቢጠይቁ ዋስ አምጡ፣ የደመወዝ ወረቀት አምጡ ይባላሉ። እቁብ የሚጠይቀው የሰውን ቃል ብቻ ነው። አሰልጣኟ እቁብን ስትሰማ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ያን ዕለት ተማሪዋ እሷ ሆነች።

ደብተሩን የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ እሷ በራሷ ምልክት ነበር የምትይዘው፤ ክብ ለእንጀራ፣ አራት ማዕዘን ለዳቦ፣ ከጎኑ የሰውየውን ቤት የሚያስታውስ ነገር፤ ደረጃ፣ ዛፍ፣ የውሻ ጭራ። ዱቤው ሲበዛ ግን ምልክቱ አልበቃም። «አንተ የቄስ ተማሪ፣ እስቲ ጥቀመኝ» አለችኝ። በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ስም፣ ቀን፣ ብዛት፣ ቀሪ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሥራ ፈት ሆኜ ቆይቻለሁና።

ለስግድ በዓል ትልቅ ትእዛዝ መጣላት። ዱቄት በብዛት መግዛት ነበረባት። ያን ሳምንት ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። እኔ በሽማግሎች መካከል ባዶ እጄን ልቁም? ሰማያዊውን ቆርቆሮ ከፍቼ 1,800 ሼቄል አወጣሁ። ስጦታዬ ሲነበብ ሰው ሁሉ እልል አለ። ባለቤቴ ከአጠገቤ ቆማ ሰማች። ከየት እንደ መጣ ወዲያው ገባት። አልጮኸችም። ዱቄቱን መግዛት አልቻለችም፤ ግማሹን ትእዛዝ መለሰች፤ ሁለት ደንበኞች ያን ጊዜ ጠፉ።

በሳምንቱ ፖስታ ቤት ሄዳ በስሟ ብቻ ባንክ ከፈተች። እኔ ተዋረድኩ ብዬ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሦስት ሽማግሎች፣ አንደኛው ቄስ፣ ሳሎናችን ተቀመጡ። እኔ ብዙ ተናገርኩ፤ ጥቅስ ሁሉ ጠቀስኩ። ከዚያ እሷን «ተናገሪ» አሏት። እሷም እንዲህ አለች፦ «አባቶቼ፣ እኔ ረጅም ነገር የለኝም። አማቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር ነግራኛለች። ልጄ ንግሥተ ሳባን በሦስት ብር ሸጦ አንድ ብር ሰጠኝ፤ ፈረንጁ በጣቱ አሳየኝ። ልጄን አላዋረድኩትም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ራሴ ሸጥኩ ብላኛለች። እኔም እንደ እሷ ነው ያደረግኩት፤ አላዋረድኩትም፣ ባንክ ነው የከፈትኩት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ቄሱ መሳቅ ጀመሩ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። «ፍርዱ ከወለቃ መጣ» አሉ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሌሊት እናቴን እያሰብኩ አልተኛሁም፤ ሠላሳ ዓመት እያወቀች ያበላችኝን።

ባለቤቴ ብዙ አልቀጣችኝም። ደብተሩን ከፊቴ አድርጋ «ጻፍ» አለችኝ። ከዱቤ ደንበኞቹ በታች በራሴ እጅ ስሜን ጻፍኩ፤ ዕዳ 1,800፣ በወር 150። በዚያን ጊዜ የጥበቃ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ከደመወዜ እከፍል ጀመር።

ስለ ኩርሱ ደግሞ መጥፎውንም ልናገር። ከአሥራ አራቱ ሴቶች በንግዱ የጸኑት አራት ናቸው። አንዷ ጥልፏ ዓይን የሚያፈዝ ነበር፤ ግን ገዢ ያሳያት የለም፤ መሳቢያ ሞልቶ ቀረ። ሌላዋ ተበድራ ሱቅ ከፍታ፣ ሱቁ ሲዘጋ ዕዳው ለልጆቿ ተረፈ። ኩርሱ ስድስት ወር ነበር፤ ገንዘቡ ሲያልቅ አሰልጣኟም አስተርጓሚዋም ሄዱ፤ ሴቶቹ በእጃቸው ፎቶ ያለበት ተዑዳ ቀረ። ልጅ ወልዶ መንገድ ላይ እንደ መተው ነው። የሚያስቸግረው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር፤ ጎረቤት ስለ ሽታው ከሰሰ፣ ከአይሪያ ተቆጣጣሪ መጣ፣ ለምግብ ሥራ ፈቃድና የካሽሩት ወረቀት ያስፈልጋል ተባለ። ባለቤቴ ከኩርሱ ሁለት ሴቶች ጋር አንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት ተከራዩ፤ ቅጹን ሁሉ የሞላችው የእኛ ልጅ ናት፣ የዚያን ጊዜ ወታደር ነበረች። በ2006 ኢትዮጵያ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ያን ጊዜ ባለቤቴ ዱቄት እየቀላቀለች ብዙ ሞከረች፣ ደንበኛውም «ይሄ እንጀራ ዓይኑ የት ሄደ?» እያለ ሲያሾፍባት ነበር። ሆኖም አልተዘጋም። በ2008 ስግድ በሕግ የአገር በዓል ሲሆን፣ ስለ ሕጉ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ትእዛዙ በዛላት።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሥራም አይቻለሁ። በኢየሩሳሌም አጠገብ፣ ሞጻ ላይ፣ ይቬል የሚባለው የጌጣጌጥ ድርጅት «መገመሪያ» የሚል ትምህርት ቤት ከፍቶ የእኛን ሰዎች የወርቅና የብር ሥራ አስተምሯል፤ ስሙም የእኛው «መጀመሪያ» ነው። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭ ተብለው የተሰደቡበት እጅ ነው ያ። የሠሩትን የሚሸጥ ሱቅ አብሮ መኖሩ ነው የእኔን ልብ የያዘው፤ እናቴ የጠየቀችው ይህንኑ ነበርና።

ባለቤቴ አሁን ታማ እጇ እንደ ድሮው አይደለም። ዳቦ ቤቱን ከሁለቱ ሴቶች የአንዷ ልጅ ይዛዋለች። የእናቴ ጠጠር መስኮታችን ላይ ነው፤ የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ወረቀቷ ፎቶ አንሥታዋለች። አሮጌው ደብተርም አለ። የእኔን ገጽ ሳሳያት አሥራ አንዱ ወር በጭረት ተሰርዟል፤ አሥራ ሁለተኛው አልተሰረዘም። እኔ ከፍያለሁ እላለሁ፤ ጠዋት፣ ወጥ ቤት፣ በሃምሳ ሃምሳ ሼቄል፣ ሦስት ኖት። ባለቤቴ አልተቀበልኩም ትላለች። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ታዲያ ለምን አልሰረዝከውም? ጸሐፊው አንተ አይደለህ?» አለችኝ።